እህሉ የሚጠጣው ውሃ

ቻይነሽ ተቀምጣ ውሃ ማስቀዳት አትችልም። ለቦኖ ጠባቂነቷ የተሰጣት መቀመጫ፣ አንድ ዱካ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ጥግ አቧራ ለብሶ ቆሟል። እሷ ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ትመላለሳለች፤ የአንዷን ጀሪካን ታቃናለች፣ የሌላዋን ክዳን ትፈልጋለች፣ ጀሪካን ሊሞላ ሲቃረብ ድምፁ የሚቀጥነውን ሰምታ ጀርባዋን እንደሰጠች እጇን ወደ መዝጊያው ትልካለች። የፍኖተ ሰላም ሰው ጀሪካኑን ሁሉ «ባለ ሃያ» ይለዋል። ቻይነሽ ግን የትኛው ጎኑ ተሰርጉዶ አሥራ ዘጠኝ ብቻ እንደሚይዝ፣ የትኛው እስከ ከንፈሩ ሲሞላ ሃያ ሁለት እንደሚጠጋ በዓይኗ ትለያለች። እናቷ ወይኒቱ በሕይወት ሳሉ፣ «ይች ልጅ ከሆዴም ሳትረጋ ነው የወጣች» ይሉ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ከወትሮው ብሶባታል። ሰልፉ ጋብ ባለ ቁጥር የቧንቧውን መዝጊያ ለቀጂዎቹ አደራ ብላ ወደ ኪራይ ቤቷ እየሮጠች ትሄዳለች፤ ወዲያው እየሮጠች ትመለሳለች።

«ምነው ቻይነሽ፣ ልትወልድ የደረሰች ላም ቤት አስረሽ መጣሽ እንዴ?» አለቻት አንዷ ቀጂ።

«ላም ቢሆን በተገላገልኩ! በርሜል ነው ያለኝ።»

«በርሜልም ይወልዳል?»

«ሳይወልድ ከቀረማ ወንበሬን ነው የሚወስዱብኝ» አለች፤ እየሳቀች ጀመረችው፣ ሳቁ ግን መሐል ላይ ጠፋባት።

ወንበሩ የእናቷ ነው። ከቡሬ ወዲህ ካለ አንድ ቀበሌ ተነሥተው ፍኖተ ሰላም የሠፈሩ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች የሚካኤል የጽዋ ማኅበር አላቸው። በየወሩ አንዱ ቤተሰብ ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ሌሎቹን ይቀበላል፤ ተራው በዓመት አንዴ ይደርሳል። የእናቷ ወንበር ከማኅበሩ አለቃ፣ «ሙሴ» ከሚባሉት ከአያ ንብረት በስተግራ ነበር። እናቷ በዚያ ወንበር ብዙ ዘመን ተቀምጠውበታል፤ የአገር ቤቱ ወሬ ሁሉ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን በሬ ጠፋ፣ የሚሰማው ከዚያ ነው። ለቻይነሽ ከእናቷ የቀረላት ነገር ቢቆጠር ያው ወንበር ነው። ቤት አልነበራቸውም። መሬቱም ከወንድሟ ጋር አገር ቤት ቀርቷል። ባሏ ትዕዛዙ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ያለው ሽንዲ ስለሆነ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

አምና እናቷ ታመው ስለነበር ጠላውን የጠመቀችው ቻይነሽ ናት። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ስድሳ ሊትር ጠላ ያስፈልጋል ብላ በእናቷ ጋን ስድሳ ሊትር ውሃ አስገባች። ቦኖ ላይ ሃያ ያስገባ ጀሪካን ሃያ ያወጣል፤ ሌላ ዓይነት ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ጠላው ተጣርቶ ሲወጣ አርባ ሊትር እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው ዙር መጨረሻ ሳይደርስ ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ። እናቷ ታመው ከተቀመጡበት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ጎተት አደረጉ። አንድ ቃል አልተናገሯትም፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ከማኅበርተኞቹ እትዬ ሠርክአዲስ የሚባሉት አንደበታቸው ስል ነው። የዘንድሮ ተራ ሲቃረብ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ለከተማው ሕዝብ ስታስቀጅ ውለሽ ለእኛ ግን ውሃውን ረሳሽው እኮ፣ ልጄ!» አሉ። ሰው ሳቀ። ቀጥለው ግን ሳይስቁ ተናገሩ፤ «ወንበር የሚሰጠው ለሚችል ነው። የወንድሟ ሚስት አገር ቤት አለች፤ በጋን በጋን ነው የምትጠምቅ። ለሷ ይተላለፍ።»

አያ ንብረት ጢማቸውን አሻሹና፣ «ዘንድሮን እንያት» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቋጨ። ወይ ዘንድሮ ጠላው ጥሩ ሆኖ ሦስቱን ዙር ይዘልቃል፤ ወይ ወንበሩ ይሄዳል።

ቻይነሽ የወደቀባትን ነገር ቁጭ ብላ የምታስብ ሴት አይደለችም፤ እየተንጎራደደች ታስባለች። ጋኑ ደግሞ የለም፤ ከእናቷ ጋር ወደዚህ ቤት ሲዛወሩ ከጋሪ ላይ ወድቆ ተሰንጥቋል። ያላት መቶ ሊትር የሚይዝ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ ድፍድፉን የምታጣራበት ሁለተኛ በርሜል ቢገኝም የሚቆምበት ቦታ የለም። እንግዲህ አንድ ዕቃ ብቻ ይዛ እህሉን ከጠላው እንዴት ትለየው?

መላው የመጣላት ከግብጦ ነው። የኛ አገር ሰው ግብጦ ሲያዘጋጅ ምሬቱ እንዲወጣ በጆንያ አድርጎ ወንዝ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ሲበቃው ጆንያውን ጎትቶ ያወጣል፣ ውሃው በመንገዱ ይቀራል። ልጅ ሆና ያን ጆንያ ከእናቷ ጋር ስንት ጊዜ ጎትታለች! «ግብጦ በከረጢት ከተዘፈዘፈ የጠላ እንኩሮ በከረጢት የማይዘፈዘፍ ለምንድን ነው?» አለች፤ አልዋለችም አላደረችም፣ አቡጀዲ ገዝታ በርሜሉን የሚያህል ከረጢት ሰፋች። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ በጭስ አይታጠንም፤ ይቀልጣል። ስለዚህ ወይራውን ለኩሳ ያጠነችው ከረጢቱን ነው። ጠላው የለመደ ሽታውን ከጨርቁ እንዲያገኝ ብላ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣላት ብቻዋን በደስታ ታጨበጭባለች።

ከረጢቱ አለ፤ ጥያቄው የውሃው ልክ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ነገሩ ሲፈታ ደስ የሚል ነውና።

ቻይነሽ በመጀመሪያ ማወቅ የፈለገችው እህል ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ነው። ከተቀደደ ሻሽ ትንሽ ከረጢት ሰፋች፤ የሕፃን ትራስ የምታህል። አንድ ኪሎ እንኩሮ አስመዘነች፤ እንኩሮ ማለት በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየተፈረፈረ የታመሰው ዱቄት ነው፤ የሷ ከዳጉሳና ከበቆሎ ነው። ባልዲ ውስጥ በባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አምስት ጊዜ ውሃ ቀድታ ጨመረችና ትንሿን ከረጢት ከነእንኩሮዋ ዘፈዘፈቻት።

ወዲያው አንድ ነገር አየች። እህሉ ሲገባ ውሃው ወደ ላይ ከፍ አለ። ምን ያህል? ከፍ ያለበትን በጥፍሯ ምልክት አደረገች። ኋላ ባልዲውን ባዶ አድርጋ በንጹሕ ውሃ ስትፈትነው፣ አንድ ኪሎ እህል ቦታ የያዘው ሃይላንዱን ሦስት ቦታ ከፍለን ሁለቱን እጅ ያህል ነው። ይህ ለበርሜሉ ይጠቅማታል፤ እህል ውሃ ከመጠጣቱም በላይ መቀመጫ ይፈልጋል።

ከረጢቱ በደንብ ከራሰ በኋላ በር ላይ ሰቀለችውና ጠብታው እስኪያቆም ጠበቀች። «ጠበቀች» ስንል ከበሩ እስከ ግቢው ጫፍ እየተመላለሰች ማለታችን ነው። ከባልዲው የተረፈውን ስትለካ ሦስት ሊትር ተኩል ሆነ። አንዱ ተኩል የት ገባ? እህሉ ሆድ ውስጥ! ከረጢቱን ጠምዝዛ ስትጨምቀው ግማሽ ሊትር መለሰላት። እንግዲህ አንድ ኪሎ እህል ተጨምቆም አንድ ሊትር ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ለምኖም አይሰጥ፣ ተገርፎም አይሰጥ።

«ወይኔ እናቴ!» አለች ብቻዋን፤ «አምና የጠፋው ጠላ እኮ አልጠፋም። እህሉ ነው የጠጣው።» ያን ጊዜ ለምን ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ እሷም አላወቀችም፤ ወዲያው ባልዲውን ማጠብ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። ማኅበርተኞቹ ከነቤተሰባቸውና ከቄሱ ጋር ሠላሳ ይሆናሉ። በእናቷ ዋንጫዎች ሦስት ዙር ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይሞላል፤ ስለዚህ ስድሳ ሊትር ጥሩ ጠላ ያስፈልጋል። እህሉ፣ ብቅሉና ጌሾው አንድ ላይ አሥራ አምስት ኪሎ ነው፤ አሥራ አምስት ሊትር ይጠጣል። ከበርሜሉ ሥር ለሚዘቅጠውና በአረፋ ለሚወጣው ሦስት ሊትር ትተው። ስድሳ፣ አሥራ አምስት፣ ሦስት፤ ሰባ ስምንት ሊትር ውሃ።

በርሜሉስ ይችላል? አሥራ አምስት ኪሎ እህል የአሥር ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ከሰባ ስምንቱ ጋር ሰማንያ ስምንት። መቶ የሚይዘው በርሜል አሥራ ሁለት ሊትር ባዶ አፍ ይቀረዋል፤ ጠላው ሲፈላ ወደ ላይ ለሚነሣው ይበቃል።

አንድ ነገር ልትስት ነበር። ጥንስሱ፣ ማለት ጌሾውና ጥቂት ብቅል ቀድሞ የተቦካበት፣ አሥር ሊትር ውሃ አለበት። ያም ከሰባ ስምንቱ ይቀነሳል! ይህ ትዝ ያላት የሰው ጀሪካን እየሞላ ሳለ ነው፤ «አሥሩን!» ብላ ስትጮህ ቀጂዋ ደንግጣ ክዳኗን ጣለች።

ጎኑ ያልተሰረጎደ አንድ ጀሪካን መርጣ ሦስት ጊዜ፣ ቀሪውን ስምንት ሊትር በሃይላንድ ቆጥራ በርሜሉ ውስጥ ካለው ጥንስስ ላይ ጨመረች። እህሉን የያዘውን ከረጢት አስገባች፤ ገመዱን ከላይ አሰረች። ውሃው የደረሰበትን በምስማር በርሜሉ ላይ ጫረችው። በቃ። ከዚህ በኋላ ጠብታ አይጨመርም፤ ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገብቷል።

እዚህ ላይ የዘዴዋን ልዩነት ልብ ማለት ያሻል። በኛ አገር ጠላ ውሃ የሚያገኘው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ድፍድፉ እንደ ገንፎ ወፍሮ ይቀመጣል፤ ሲበስል ደግሞ ውሃ ይሞላበትና ይከደናል። ማንኛዋም ባልትና የምታውቅ ሴት ወፍሮ የተቀመጠ ድፍድፍ ስታይ «ይህ ገና ውሃውን አላገኘም» ትላለች። የቻይነሽ ዘዴ ግን ሁለተኛ ውሃ የለውም። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም፤ በከረጢት ጠላ ጠመቀች ብለው እንዳይስቁባት ፈርታ።

ፍላቱ ጀመረ። በርሜሉ ውስጥ ጉርጉር ሲል ትሰማለች፤ ሄዳ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ከረጢቱ በአየር ተነፍቶ እንደ ጉማሬ ጀርባ ከውሃው በላይ ብቅ አለ። ቦኖ ላይ ቆማ ስለሱ ታስባለች፤ ቤት ገብታ ስለ ቦኖው ታስባለች።

አንድ ቀን ለምሳ ስትገባ የምስማር ጭረቱን አጣችው። ጎንበስ ብላ ፈለገች። ጭረቱ አለ፤ ውሃው ውጦት ነው። አረፋው ከበርሜሉ አፍ ሦስት ጣት ቀርቶታል።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ሥርጉት ከወጥ ቤታቸው ደጃፍ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቻይነሽ ድምፅዋን አለዝባ ጠየቀች።

«እትዬ ሥርጉት፣ በርሜሉን ነክተውት ነበር እንዴ?»

«ነካሁት? አጠጣሁት በይ እንጂ!» አሉ በኩራት ቢላዋቸውን ከፍ አድርገው። «ገብቼ ባይ ያ ከረጢትሽ ተነፍቶ፣ አናቱ ደርቆ፣ ‹ውሃ፣ ውሃ› ይላል። አንች ለሰው ውሃ ስታስቀጅ የራስሽ ድፍድፍ በጥማት ሊሞት ነበር እኮ፣ አንች ልጅ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ስንት... ምን ያህል ይሆን የጨመሩት?»

«ለክቶ የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዷን ባልዲ ሙሉ ነው እንጂ። አትሳቀቂ፤ ነገ ደግሞ እደግማታለሁ።»

«የለም! የለም እትዬ፣ በቅቶታል። በሞቴ በቅቶታል።»

«ምነው ታዲያ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ሩጬ መጥቼ ነው።»

ምን ትበላቸው? እናቷ አልጋ ላይ በነበሩ ጊዜ፣ እሷ ቦኖ ስትውል፣ አጥሚት እያጠጡ ያስታመሙላት እኒህ ሴት ናቸው። ክፍሏን እንዳትቆልፍ ደግሞ ነውር ነው፤ በበጎ ሰው ፊት ቁልፍ ማንጠልጠል ስድብ ይሆናል። ጥፋቱስ የማን ነው? ሁለተኛ ውሃ እንደሌለው ሳትነግራቸው ማን ይንገራቸው?

ሳትበላ ወደ ቦኖ ተመለሰች። ያን ከሰዓት በኋላ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ፈሰሰባት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታይባትም ነበርና ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ። በልቧ የምትደምረውና የምትቀንሰው ሌላ ነው። የእትዬ ሥርጉት ባልዲ ስምንት ሊትር እንደሚይዝ ታውቃለች፤ ስንት ጊዜ ሞልታላቸዋለች። ሰባ ስምንት የነበረው ሰማንያ ስድስት ሆኗል። እንዲሁ ከተተወ ይቀጥናል፤ እትዬ ሠርክአዲስም አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርገው፣ «ዘንድሮስ ውሃውን አልረሳሽም» ይሏታል። የሰው ሳቅ ከወዲሁ ተሰማት።

ስምንት ሊትር ቀድታ ብትደፋስ? የሚደፋው ውሃ ብቻውን አይወጣም፤ የጠላውን ኃይል ይዞ ይወጣል። የቀረው ያው እንደቀጠነ ይቀራል፤ መጠኑም ያንሳል። መልሱ ሊገኝ የሚችለው ከእህሉ ወገን ነው። ለአሥራ አምስት ኪሎ ሰባ ስምንት ሊትር ከሆነ፣ ለአንድ ኪሎ አምስት ሊትርና ጥቂት ይደርሳል። ስምንት ሊትር ትርፍ ውሃ እንግዲህ አንድ ኪሎ ተኩል እህል ይጠይቃል። ቧንቧውን ዘጋች። «አንድ ኪሎ ተኩል!» አለች።

«የምን አንድ ኪሎ ተኩል?» አለች ተራዋ የደረሰ ቀጂ። «ውሃ በኪሎ ሆነ ደግሞ?»

«አንች ቅጂ፣ ቅጂ።»

ግን በርሜሉ ቦታ የለውም። ተጨማሪ እህል ቢገባ ጠላው ከበርሜሉ አፍ ወጥቶ ወለሉ ላይ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ትንሿ ከረጢት ትዝ ያለቻት። ቤት እንደደረሰች ምጣዱን ጣደች፤ እንኩሮ ቆላች፣ አቀዘቀዘች፣ ከብቅልም ጨመር አደረገች። ከበርሜሉ አሥር ሊትር የሚፈላውን ጠላ ወደ ራሷ ትልቅ ባልዲ ገለበጠች፤ የበርሜሉ አረፋ ወደ ታች ወረደ። ትንሿን ከረጢት በእንኩሮው ሞልታ ባልዲው ውስጥ ዘፈዘፈቻት፤ ከደነችው። ማታ ሳይጨልም ስትፈትሸው ባልዲውም በራሱ ጉርጉር ይላል። እናት በርሜልና ልጅ ባልዲ ጎን ለጎን ሲያጉረመርሙ ቢሰሙ እትዬ ሥርጉት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የርስዎ ባልዲ የወለደው ነው» አለቻቸው። ሳቁ። ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አላብራራችላቸውም።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ጠዋት ከረጢቱን በባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ በገመድ ሰቅለው አንጠባጠቡት፤ እትዬ ሥርጉት አንዱን ጫፍ፣ ቻይነሽ ሌላውን ይዘው በዱላ ጠመዘዙት። ትንሿም እንዲሁ ተጨመቀች። ባልዲው ከበርሜሉ ተቀላቀለ። ዝቃጩ ወደ ሥር እስኪወርድ ቻይነሽ በግቢው ስንት ጊዜ እንደዞረች አይቆጠርም። ሲጠራ ከምስማር ጭረቷ ጋር አስተያየች፤ ስድሳ ስድስት ሊትር፣ ምናልባት ግማሽ ከላዩ። ቀምሳ አፏን ያዘች፤ የወይራው ሽታ አለ፣ የጌሾው ምሬት አለ፣ ቅጥነት የለበትም። ግን የራስ አፍ ይዋሻል።

ማኅበርተኞቹ እትዬ ሥርጉት ለዕለቱ በለቀቁላት ሰፊ ቤት ገቡ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ። የእናቷ ዱካ ከአያ ንብረት ጎን ባዶውን ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም ወዲያ አላራቀውም። ቻይነሽ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ አያ ንብረት ፊት ቆመች። አንድ ጊዜ ጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ምን ይላሉ፣ አያ?» አለች፤ አለመጠየቅ አልቻለችም።

«እንዳልናገር አፌ ሥራ ላይ ነው» አሉና ዋንጫቸውን አጋመሱት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እትዬ ሠርክአዲስ ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻ ነው የተቀመጡት። ቀምሰው ከንፈራቸውን ጠረጉ። «ጠላነቱስ ጠላ ነው» አሉ። «ጣዕሙን አልነቀፍኩም አምናም። እኔ የማየው ዙሩን ነው።»

የመጀመሪያው ዙር አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከቡሬ በኩል ለለቅሶ መጥተው የሚመለሱ ሦስት የአገር ቤት ሰዎች ናቸው፤ መኪና እስኪገኝ የሚካኤልን ማኅበር ሰምተው ጎራ ያሉ። አያ ንብረት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ግቡ! ግቡ እንጂ! እንግዳ ሚካኤል የላከው ነው።»

ቻይነሽ ወዲያው መደመር ጀመረች። ሦስት ሰው፣ ሁለት ሁለት ሊትር፣ ስድስት ሊትር። ለሠላሳ ሰው ስድሳ ቆጥራ ነበር፤ አሁን ስድሳ ስድስት ነው የሚያስፈልገው። ያላትም እሱኑ ነው። አንዱ ዋንጫውን በእጁ ከድኖ «በቅቶኛል» ሲል ልቧ ያርፋል፤ ሌላው ሲያስደግም ልቧ መልሶ ይነሣል። ለእንግዶቹ ያመለጣቸውን ዙር ሳይቀር በእጥፍ ቀዳችላቸው፤ ለእንግዳ መሰሰት አይሆንላትም።

ሦስተኛው ዙር ከአያ ንብረት ጀምሮ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰ። ቻይነሽ ከበርሜል ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ በርሜል ትመላለሳለች። ጣሳው ሥር መንካት ጀምሯል። ከዚህ በታች ዝቃጭ ነው፤ በርሜሉን ብታዘነብለው ይደፈርሳል። እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ ጣሳውን በስሱ አንሸራተተች፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ገለበጠች። ሲሞላ ድምፁ ሲቀጥን ሰማች። እንደ ቦኖው።

እትዬ ሠርክአዲስ ዋንጫቸውን ዘረጉ። የመጨረሻዋ ዋንጫ ናት፤ ቤቱ ሁሉ ያወቀው ይመስል ጫጫታው በረደ። ጠላው ወረደ፣ ወረደ፣ እስከ ዋንጫው ከንፈር ደረሰ። ማንቆርቆሪያው ሥር አንዲት ጉንጭ የምታህል ቀረች።

እትዬ ሠርክአዲስ ወደ ማንቆርቆሪያው አንገታቸውን አስግገው አዩና ወደ ቻይነሽ ቀና አሉ። «ሦስት ዙር» አሉ። «እንግዳም ተጨምሮ።»

«ሦስት ዙር» አሉ አያ ንብረት። «እንግዲህ የወይኒቱ ወንበር የቻይነሽ ነው። የሚቃወም አለ?»

ሁሉም ወደ በሩ ተመለከተ። እትዬ ሠርክአዲስ ዋንጫቸውን አንሥተው ጠጡ፤ ግማሽ አድርሰው ሲያበቁ፣ «እኔ የተቆረቆርኩት ለወንበሩ ነው እንጂ እሷንማ በክርስትና ያነሣኋት ይመስል ነው የምወዳት» አሉ። «ለመሆኑ ሥርጉት የምታወራላት ያች ከረጢት የት ናት? አምጧትና ልያት።»

ከረጢቷን ለማምጣት ከቻይነሽ የቀደሙት እትዬ ሥርጉት ናቸው። መሐል ቤት ቆመው እንደ ሰንደቅ ዘረጓት። «ይችውላችሁ! ግን ከረጢቱን አትዩት፤ ዋናው ውሃው ነው። እኔ ያችን አንድ ባልዲ ባልሞላላት ኖሮ ዛሬ ለእንግዶቻችን ምን ይቀዳ ነበር? በሉ ንገሩኝ! ድፍድፉ በጥማት ሲሞት የደረስኩለት እኔ ነኝ!»

«ይበል፣ ይበል!» አለ ሰዉ፤ ተጨበጨበላቸው።

ቻይነሽ አፏን ከፈተች። አንድ ኪሎ ተኩል እንኩሮ፣ ልጅ ባልዲው፣ ያ የፈሰሰባት ሁለት ጀሪካን፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ከዚያ እንግዶቹን አየች፤ ዋንጫቸው ሞልቷል። ያ ባልዲ ባይኖርማ ሦስተኛው ዙር መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ እውነት ነው። አፏን ዘጋች።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «እትዬ ሥርጉት ባይደርሱልኝ አልቆልኝ ነበር።»

«በይ እንግዲህ ተቀመጭ» አሉ አያ ንብረት ባዶውን ዱካ እየመቱ። «ቀኑን ሙሉ ስታቅበጠብጭን ዋልሽ። በእናትሽ ወንበር ላይ ተቀመጭ።»

ተቀመጠች። ዱካው ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቷ ወደ ደረቷ ቀረበ። ከዚህ ቦታ ቤቱ ሌላ መስሎ ታያት፤ የሰው ሁሉ ፊት ወደዚህ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አገር ቤት ዳጉሳው እንዴት እንደያዘ ያወራላት ጀመር፤ ወንድሟ ሰላም እንዳላት፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር እንደሆነች ነገራት። ሰማችው፣ በእውነት ሰማችው። እግሯ ግን ከነጠላው ሥር መሬቱን ይመታል። በልቧ የመጪው ዓመት ሒሳብ ጀምሯል፤ ለሰው ስድሳ፣ ለእህሉ አሥራ አምስት፣ ለዝቃጩ ሦስት፣ ለእትዬ ሥርጉት ስምንት። ለመንገደኛስ? መንገደኛን ለካ ረስታው ነበር!

ዱካው ሳይሞቅ ተነሥታ በርሜሉን ለማየት ወጣች።